እርጅና ብቻውን አይመጣም፦ ስለ ሕይወት ጉዞ ጥናት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እርጅናን ከልጅነት ጀምሮ ስለሚመረምረው የጥናት ዘርፍ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ጉዞ ጥናት ምንድን ነው?

የአንድን ሰው እርጅና ለመረዳት ሰውየውን በሰባ ዓመቱ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከተጸነሰበት ጊዜ ጀምሮ የመጣበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል ብሎ የሚነሳ የጥናት ዘርፍ ነው። ወገባቸው የጎበጠ አዛውንት ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ሐኪሙ የሚመረምረው የዛሬውን ወገብ ነው። የሕይወት ጉዞ አጥኚ ግን የት ተወለዱ፣ በስንት ዓመታቸው ሸክም ጀመሩ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ልጅ ነበሩ ወይስ አባወራ፣ በክፉ ጊዜ ከጎናቸው ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል።

አባቶቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ይሉ ነበር። ደዌን፣ ማጣትንና ብቸኝነትን አስከትለህ አትምጣብኝ ማለታቸው ነው። ጥናቱ የሚያሳየን እነዚያ ተከታዮች ጉዞ የጀመሩት እርጅናው ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት መሆኑን ነው።

እርጅና በስንት ዓመት ይጀምራል? 60 የሞላው ሰው አርጅቷል ማለት ነው?

60 የሕግ ቁጥር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ጀርመን በ1889 የጡረታ ሕግ ስታወጣ ዕድሜውን 70 አድርጋ ነበር፤ በ1916 ወደ 65 ዝቅ አደረገችው። ቁጥሩን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የሰውነት አካሄድ ሌላ ነው። የሳንባ አቅም ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ ሲሆን፣ የአጥንት ጥንካሬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ።

ፍጥነቱ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በኒውዚላንድ ዳኒደን ከተማ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናት እስከ ዛሬ አጥኚዎች እየተከታተሉ ይለኳቸዋል። 38 ዓመት በሞላቸው ጊዜ ኩላሊታቸው፣ ጉበታቸው፣ ሳንባቸው፣ ልባቸውና ጥርሳቸው ሳይቀር ተመርምሮ የሰውነታቸው ዕድሜ ተሰላ። ውጤቱ በ2015 ሲታተም ከመካከላቸው የ28 ዓመት ሰው ሰውነት ያላቸውም፣ የ61 ዓመት ሰውነት ያላቸውም ተገኙ። እነዚህ ሰዎች አንድ ከተማ ውስጥ የተወለዱ የዕድሜ እኩዮች ናቸው። ልዩነቱ የመጣው 60 ሳይሞሉ፣ ገና አርባ እንኳ ሳይደፍኑ ነው።

ይህ ጥናት እንዴት ተጀመረ?

አጀማመሩ ካሊፎርኒያ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በኦክላንድ ከተማ በ1920 እና በ1921 የተወለዱ ልጆችን መርጠው እድገታቸውን መመዝገብ ጀመሩ። ዓላማቸው ስለ ጉርምስና ማወቅ ነበር። በዚያው ጊዜ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን እያንኮታኮታት ነበርና ሳያስቡት የአንድ ትውልድን መከራ መዘገቡ። አባት ሥራ ሲፈታ፣ እናት የሰው ልብስ ስታጥብ፣ ልጅ ጋዜጣ ሲያዞር ሁሉም መዝገብ ላይ ሰፈረ።

በ1962 ግሌን ኤልደር የተባለ ወጣት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በርክሌይ ሲደርስ እነዚያን መዝገቦች አገኘ። ከ1929 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ገቢያቸው ከ35 በመቶ በላይ የወደቀባቸውን ቤተሰቦች ከሌሎቹ ለይቶ፣ ልጆቻቸው ጎልማሳ ሲሆኑ ምን ላይ እንደደረሱ ተከታተለ። ሥራውን በ1974 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ በፊት የነበረው ልማድ ልጆችን ያጠና ልጆችን ብቻ፣ አረጋውያንን ያጠና አረጋውያንን ብቻ ማየት ነበር። ኤልደር ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በማስረጃ አሳየ። ለእኔ የዚህ ዘርፍ ትልቁ ውለታ ይህ ነው።

ያው መከራ አንዱን ሰብሮ ሌላውን የሚያጠነክረው ለምንድን ነው?

በባሕርይ ልዩነት ብቻ ነው ብለን እናልፈዋለን። ኤልደር ያገኘው መልስ ግን መከራው የመጣበትን ዕድሜ የሚመለከት ነው። የኦክላንድ ልጆች ቤታቸው ሲደኸይ ለአቅመ ሥራ እየደረሱ ነበር። ወንዶቹ ተቀጥረው ሳንቲም አመጡ፣ ሴቶቹ የቤቱን ሥራ ተሸከሙ። ለቤተሰቡ አስፈላጊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ከድቀቱ በፊትም ደህና የልጅነት ጊዜ አሳልፈዋል።

እዚያው አጠገብ በርክሌይ ውስጥ ደግሞ በ1928 እና በ1929 የተወለዱ ልጆች ይጠኑ ነበር። እነዚህ ቤቱ ሲናጋ ገና ሕፃናት ነበሩ። የአባታቸው ብስጭትና የወላጆቻቸው ጠብ ያረፈው እነሱ ላይ ሲሆን ምንም ሊያግዙ አይችሉም ነበር። በተለይ ወንዶቹ በጉርምስናቸው ከኦክላንድ ልጆች ይልቅ ተስፋና በራስ መተማመን ያነሳቸው ሆነው ተገኙ። የዕድሜ ልዩነታቸው ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት «ያን ጊዜ አይቻለሁ» ሲሉ ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ «በስንት ዓመትዎ?» የሚለው ነው።

በልጅነት የደረሰ ረሃብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይታያል?

አዎን። በዚህ ረገድ በደንብ የተጠናው ከ1944 መጨረሻ እስከ ግንቦት 1945 በምዕራብ ሆላንድ የደረሰው ረሃብ ነው። የናዚ ጦር የምግብ መንገዱን ስለዘጋ ለአንድ አዋቂ የሚታደለው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ የጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ በትክክል ይታወቃል፤ ሆስፒታሎችም የወሊድ መዝገባቸውን ጠብቀው ነበር። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ሕፃን በስንተኛው የእርግዝና ወር እንደተራበ ማወቅ ተቻለ። እነዚያ ሕፃናት ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የተራቡት ላይ የልብ ሕመም በዝቶ ታየ። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙም ደካማ ሆኖ ተገኘ። በ2008 የወጣ ጥናት ደግሞ ከረሃቡ 60 ዓመት በኋላ በአንድ የእድገት ዘረመል ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ካልተራቡት ወንድምና እህቶቻቸው የተለየ መሆኑን አሳይቷል።

የእኛም ክፉ ቀን ተለክቷል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩና የተራቡ የገጠር ልጆች ከሃያ ዓመት በኋላ ቁመታቸው ሲለካ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው ተገኝተዋል። ይህ ዕድሜ ሕፃኑ ጡት እየተወ ወደ ገበታ የሚመጣበት ነው። ገበታው ባዶ ሲሆን የሚጎዳው እሱ ነው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከሃያ ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ጡረታ መውጣት ይጀምራሉ። ጤናቸውን የሚከታተል ሐኪም የተወለዱበትን ዓመትና ወረዳ ቢጠይቅ ደግ ነው እላለሁ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ከመካከላቸው ብዙ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እናታቸው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ጊዜ ላይ ሳለች የደረሱ ልጆች እርግዝናው ከገፋ በኋላ ከደረሱት ይልቅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ውጤቱ በሴቶቹ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል።

እንግዲያው ሁሉም ነገር በልጅነት ተወስኖ አልቋል?

በፍጹም። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ መከራ አይተው ያደጉ ሰዎች ስለሆኑ መልሱን ረጋ ብዬ እሰጣለሁ። የልጅነት ጉዳት ዕድልን ያጠባል እንጂ በር አይዘጋም። ከኦክላንድ ደሃ ቤቶች የወጡ ወጣቶች ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውትድርና ገቡ። ሲመለሱ የ1944ቱ የአሜሪካ ሕግ ለዘማቾች የትምህርት ወጪ ይሸፍን ስለነበር የተማሩት ጥቂት አይደሉም። አጥኚዎች ይህን መታጠፊያ ይሉታል፤ የሕይወት መንገድ አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ነው።

በስኮትላንድ በ1932 በአንድ ቀን 87,498 የ11 ዓመት ልጆች አንድ ዓይነት የአእምሮ ፈተና ወሰዱ። በ1998፣ በ66ኛው ዓመት፣ በአበርዲን ከተማ በሕይወት ያሉት ተፈልገው ያንኑ ፈተና ደገሙት። በልጅነቱ የበለጠው በ77 ዓመቱም በአብዛኛው በለጠ፤ ግን ደረጃቸውን የለወጡ ብዙ ነበሩ። የልጅነት ውጤታቸው የሚያስረዳው የእርጅናውን ልዩነት ግማሽ ያህል ነው። የቀረው ግማሽ በመካከሉ ባሉት 66 ዓመታት የሆነ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳርፈኝ የብሪታንያ ሐኪሞች ጥናት ነው። ከ1951 ጀምሮ ለ50 ዓመታት 34,439 ወንድ ሐኪሞች ስለ ማጨስ ልማዳቸው እየተጠየቁ ክትትል ተደረገባቸው። በ30 ዓመታቸው ማጨስ ያቆሙት እያጨሱ ከቀጠሉት ይልቅ 10 ዓመት ያህል፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ60 ያቆሙት ደግሞ 3 ዓመት ዕድሜ አተረፉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የተሻለ ነው፤ በ60 ዓመት ማቆምም ግን ሦስት ዓመት ይሰጣል። ሦስት ዓመት ማለት የልጅ ልጅ አፍ ሲፈታ መስማት ነው።

እናቴ የተወለደችበትን ዓመት አታውቅም። የሕይወት ጉዞዋን እንዴት መመዝገብ እችላለሁ?

ዓመት አለማወቅ እንቅፋት አይደለም። አጥኚዎችም ዓመት የማያውቁ ሰዎችን ሲጠይቁ የሚጀምሩት ከታወቁ ክስተቶች ነው፤ እኛ ደግሞ «ጣሊያን የገባ ዓመት»፣ «ንጉሡ የወረዱ ጊዜ» ማለት ያደግንበት ነው። ባለ ካሬ ደብተር ውሰዱ። ቁልቁል ዓመታቱን ጻፉ፤ አግድም ዕድሜ፣ የኖሩበት ቦታ፣ ሥራ፣ ቤተሰብና ጤና የሚሉ ዐምዶችን አስምሩ። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቃቸውን ክስተቶች አስገቡ፦ 1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግር፣ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ፣ 1977 ዓ.ም. ድርቁ፣ 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ። ከዚያ የልጆችን ልደት፣ ቀጥሎ የተቀረውን።

እኔ ይህን ከአክስቴ ጋር አድርጌዋለሁ። መታወቂያቸው ላይ 70 ዓመት ተብሏል። ቁጥሩን የሰጡት «ወደ ሰባ ግድም» ብለው ራሳቸው ናቸው፤ በሕዝብ ቆጠራም በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች በዝተው የሚታዩት ለዚህ ነው። «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የት ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጉለሌ። ታላቁን ልጄን እርጉዝ ነበርኩ፤ ተኩሱን ስሰማ አልጋ ሥር ገባሁ» አሉ። የተዳሩት ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ሲሆን ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል ተብሎ ነበር። ስለዚህ የተወለዱት 1938 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ መታወቂያው ዐሥር ዓመት ያህል ቀንሶባቸዋል። ለመድኃኒት መጠንም፣ ለምርመራም ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

1969 እና 1970 ዓ.ም. ላይ ስንደርስ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ ዝም አሉ። «እሱን እለፈው ልጄ» አሉኝ። አለፍኩት። ቀጥለን 1971 ዓ.ም.ን ስንሞላ ጤና በሚለው ዐምድ ሥር ራሳቸው «እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ከዚህ ጀምሮ ነው» ብለው አስጻፉኝ። እኛ ልጆቹ እንቅልፍ ማጣታቸውን ሁልጊዜ የእርጅና ነገር አድርገን እናየው ነበር። በዚያ ገጽ ላይ ሁለት ባዶ ረድፎች አሉ፤ እንዲሞሉ አልጎተጎትኩም። እናንተም አትጎትጉቱ።

የልጆች ስደት የወላጆችን እርጅና ይለውጣል?

ይለውጣል። በዚህ ዘርፍ ከተቀመጡት መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱ ሕይወት ከሕይወት የተሳሰረ ነው የሚል ነው። በሃያ ዓመቷ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የሄደች ልጅ የእናቷን ሃምሳዎቹ ዕድሜ አብራ ትለውጣለች፤ የምትልከው ገንዘብ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ትታው የሄደችውን ሕፃን ደግሞ አያቱ እንደገና እንደ አራስ ቤት ሌሊት እየተነሣች ታሳድገዋለች። በአሜሪካ ደግሞ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ በስልሳ አምስት ዓመታቸው የሄዱ እናቶች አሉ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው አይገባቸውም፣ ጎረቤት በር አያንኳኳም። በሠላሳ ዓመታቸው ቢሄዱ ኖሮ አገሩ ሌላ አገር ይሆንላቸው ነበር።

እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ይህ በጉልህ ታይቷል። ዕብራይስጡን ቀድመው የያዙት ልጆች ስለነበሩ በየቢሮው ለአባቶቻቸው ማስተርጎም ጀመሩ። አገር ቤት ጠብ የሚያበርዱ፣ ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌዎች ከልጃቸው ጀርባ ቆመው የሚጠብቁ ሆኑ። የሽምግልና ክብር ለማግኘት ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠብቀው፣ ደርሰውበት ሳለ ማዕረጉ የሌለበት አገር መግባታቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት አለ?

አለ። በቡታጅራ ከ1986 ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በቤተሰብ ደረጃ ሲመዘገብ ቆይቷል። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ደግሞ ከ2002 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድ፣ ከፔሩና ከቬትናም የተውጣጡ ልጆችን ይከታተላል። ከኢትዮጵያ 3,000 ሲሆኑ ታላላቆቹ ሠላሳ ዓመት ሞልቷቸዋል። ጥናቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ የአንድ ኢትዮጵያዊ ትውልድ እርጅና ከነልጅነት ማስረጃው ይኖረናል።

የዛሬውን የ75 ዓመት ሰው ከዛሬው የ30 ዓመት ሰው ጋር አነጻጽሮ እርጅና ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አይቻልም?

ብዙ ስህተት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሰማንያ ዓመት ከሞላቸው ኢትዮጵያውያት ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጆቻቸው ይችላሉ። ይህን አይቶ «እርጅና ማንበብ ያስረሳል» የሚል የለም፤ ልጅ ሳሉ የሚገቡበት ትምህርት ቤት እንዳልነበረ እናውቃለንና። ስለ ማስታወስ፣ ስለ ቁመት፣ ስለ ጤና ስንናገር ግን ያንኑ ስህተት በቀላሉ እንሠራለን። ዋርነር ሼይ የተባለ ተመራማሪ በ1956 በሲያትል የጀመረው ጥናት ይህን አጋልጧል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ቀን ሲያነጻጽር የአእምሮ ችሎታ ገና በጎልማሳነት የሚወርድ ይመስል ነበር። ያንኑ ሰው በየሰባት ዓመቱ ሲፈትን ግን አብዛኛው ችሎታ እስከ ስልሳ ዓመት ገደማ ጸንቶ ይቆያል።

ዕድሜ፣ ትውልድ (የተወለዱበት ዓመት) እና ዘመን (የሚለኩበት ዓመት) ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዛሬው ዓመት ላይ የልደት ዓመት ሲቀነስ ዕድሜ ይገኛልና ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውን አውቋል። ለዚህም ነው በሒሳብ ብቻ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት የማይቻለው። ከቁጥሩ ውጭ ያለውን፣ ማለትም በዚያ ዓመት በዚያ አገር ምን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው።

አያቴ ረሃብና ጦርነት አልፈው 95 ዓመት ኖሩ። ይህ ጥናቱን አያፈርሰውም?

አያፈርሰውም። አያትዎን ልናያቸው የቻልነው ስለተረፉ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጥናት ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ፦ ረሃቡ ሲበረታ ማህፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች በቁመታቸው ላይ ጉልህ ጉዳት አልታየም። ጉዳት አልደረሰባቸውም ማለት ላይሆን ይችላል። አጥኚዎቹ ራሳቸው እንዳሉት ደካሞቹ ሞተው የተለኩት ጠንካሮቹ ብቻ ሆነው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አያትዎን «እንዴት 95 ደረሱ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ ስንት ወንድሞችና እህቶች እንደነበሯቸው ይጠይቁ። እያንዳንዳቸው በስንት ዓመታቸው፣ በየትኛው ክረምት እንደሞቱ ያስታውሱ ይሆናል። እነዚያንም ስሞች ደብተሩ ላይ ከአያትዎ ረድፍ ጎን ይጻፏቸው።